ፓይን በክርና በማስመሪያ መለካት፦ 3.3 ለምን ይወጣል፣ እንዴትስ ይስተካከላል?

«ጣሳውን በክር ጠመጠምኩ፣ ክሩን ለካሁ፣ ለዲያሜትሩ አካፈልኩ፣ 3.3 ወጣ። ምን አጥፍቼ ነው?»

ፓይን ለክታችሁ አምጡ የሚል የፊዚክስ ሙከራ በተሰጠ ቁጥር ይህች ጥያቄ ትመጣለች። ቁጥሩ ይለያያል እንጂ ጥያቄው ያው ነው። አንዱ 3.3 አገኘሁ ይላል፣ ሌላዋ 3.02፣ አልፎ አልፎም 6.3 አግኝቶ የሚደነግጥ አለ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አሠራሩን ከነምክንያቱ እዚህ ላስቀምጠው።

ሐሳቡ አጭር ነው። የማንኛውም ክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር አንድ ነው። የጠርሙስ ክዳንም ይሁን የብስክሌት ጎማ፣ መልሱ ፓይ ነው፤ 3.14159 እያለ ማለቂያ ሳይኖረው የሚቀጥለው። ማካፈሉን ካልኩሌተር ይሠራዋል። ጣጣው ያለው አለካኩ ላይ ነው።

ከወዲሁ አንድ ነገር ያዙልኝ። አንድ ዕቃ ብቻ ለክታችሁ፣ አካፍላችሁ፣ ጨረስን አትበሉ። መጠናቸው የሚለያይ አምስት ስድስት ክቦች ለኩና ግራፍ ሥሩ። ክር ውፍረት ስላለው ብቻ የሚመጣ ስህተት አለ፤ በማካፈል ብቻ አይታወቅም፣ ግራፍ ላይ ግን ፍንትው ብሎ ይታያል። ደረጃ 6 ላይ በቁጥር እናየዋለን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 5 ወይም 6 ክብ ዕቃዎች። ትንሹ 3 ሴ.ሜ. አካባቢ፣ ትልቁ ከ25 ሴ.ሜ. በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። የጠርሙስ ክዳን፣ ጣሳ፣ ሲዲ፣ ድስት፣ የቀለም ባልዲ ክዳን፣ የብስክሌት ጎማ፣ ያገኛችሁት ሁሉ ይሆናል።
- ሚሊ ሜትር የተሰመረበት ማስመሪያ። ባለ 1 ሜትር ካገኛችሁ ለትልልቆቹ ይጠቅማል።
- ቀጭንና የማይለጠጥ ክር። የሹራብ ክርና ላስቲክ ያለበት ክር ተዉት።
- 1 ሴ.ሜ. ስፋት ያላቸው ረጃጅም የወረቀት ቁራጮች።
- ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ሁለት ወፍራም መጻሕፍት ወይም ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ማስመሪያዎች።
- እስፒል፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ጫፉ ቀጭን እስክሪብቶ።
- ግራፍ ወረቀት፣ እርሳስና ካልኩሌተር።
- ካሊፐር (ዕቃን በሁለት መንጋጋ ይዞ ስፋቱን የሚለካ መሣሪያ) ላብራቶሪው ውስጥ ካለ ለትንንሾቹ ዕቃዎች ተጠቀሙበት። ከሌለም ሙከራው ይሠራል።

ጥንቃቄ

የተከፈተ ጣሳ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ያልተከፈተ ተጠቀሙ፤ ከሌለ ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኑት። እስፒል ስትወጉ ከሥር ካርቶን አድርጉ፣ ጣታችሁን ከሌላው ወገን አታስቀምጡ። የብስክሌት ጎማ የምታንከባልሉ ከሆነ ግቢ ውስጥ ወይም ኮሪደር ላይ ይሁን፣ መኪና መንገድ ላይ አይሁን፤ ጣትም በሽቦዎቹ መሃል አይግባ።

ደረጃ 1፦ ዕቃዎቹን ምረጡ

ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ዕቃው እውነት ክብ ነው? የተጨማደደ ጣሳና ለስላሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ስትይዙት ቅርጹ ይለወጣል። ጠንካራ ዕቃ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ዙሪያውና ዲያሜትሩ አንድ ቦታ ላይ ሊለኩ ይችላሉ? ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ጣሳን ልብ ብላችሁ እዩት። ከላይና ከታች ወጣ ያለ ከንፈር አለው። ክሩን የምትጠመጥሙት ሆዱ ላይ ነው፣ ማስመሪያውን የምታስቀምጡት ግን ከንፈሩ ላይ ነው። ሆዱ 73 ሚ.ሜ.፣ ከንፈሩ 76 ሚ.ሜ. ቢሆን፣ የሆዱ ዙሪያ 229 ሚ.ሜ. ስለሚሆን 229 ለ76 ሲካፈል 3.01 ይሰጣችኋል። አለካካችሁ አንድም እንከን የለበትም፣ ግን የለካችሁት የሁለት የተለያዩ ክቦችን ዙሪያና ዲያሜትር ነው። ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠብ ብርጭቆና ባልዲም እንዲሁ ነው። እነዚህን መጠቀም ግድ ከሆነ ክሩ ያረፈበት ከፍታ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉና ዲያሜትሩንም እዚያው ለኩ።

ደረጃ 2፦ ሰንጠረዡን አስቀድማችሁ አስምሩ

ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ረድፍ ይኑር። ዓምዶቹ፦ የዕቃው ስም፣ ዲያሜትር በሦስት አቅጣጫ፣ የዲያሜትሩ አማካይ፣ ዙሪያ ሦስት ጊዜ፣ የዙሪያው አማካይ፣ ዙሪያ ሲካፈል ለዲያሜትር። ሁሉንም በሚሊ ሜትር ጻፉ። ግማሹን በሴንቲ ሜትር ግማሹን በሚሊ ሜትር የጻፈ ሰው በኋላ 31.4 ወይም 0.314 ያገኛል።

ያነበባችሁትን ወዲያው ጻፉ። «በኋላ አስተካክዬ እጽፈዋለሁ» ካላችሁ ቁጥሩ ሳታውቁት ወደ 3.14 ይጠጋል።

ደረጃ 3፦ ዲያሜትሩን ለኩ

ዲያሜትር በመሃል የሚያልፈው ነው፣ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ካሉት ቀጥታ መስመሮች ሁሉ ረጅሙ። መሃሉን በዓይን ገምቶ ማስመሪያ ማሳረፍ ቀላል ይመስላል፣ ግን ከመሃል በሳታችሁ ቁጥር ንባቡ ያንሳል። መቼም አይበልጥም። ስለዚህ ደጋግሞ ለክቶ አማካይ መውሰድ ይህን ስህተት አያጠፋውም፣ ሁሉም ንባብ ወደ አንድ ጎን ነው የሚሳሳተው። ዲያሜትሩ 100 ሚ.ሜ. የሆነ ክዳን ላይ ማስመሪያው ከመሃል 5 ሚ.ሜ. ቢርቅ 99.5 ታነባላችሁ። ይሄ ብዙም አይጎዳም። 10 ሚ.ሜ. ቢርቅ ግን 98 ይሆናል፣ ፓይም ወደ 3.21 ይዘላል።

ሁለት መፍትሔ አለ።

ሀ. ለጠፍጣፋ ዕቃ፦ የማስመሪያውን አንድ መስመር ጠርዙ ላይ ያዙት፣ አይንቀሳቀስ። ሌላኛውን ጫፍ ቀስ እያላችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛውዙ። ንባቡ ይጨምር ይጨምርና መልሶ ይቀንሳል። ትልቁን ጻፉ፤ ዲያሜትሩ እሱ ነው።

ለ. ለጣሳና ለመሳሰለው፦ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አቁሙና በሁለቱ መጻሕፍት መሃል አስገቡት። መጻሕፍቱ ዕቃውን ይንኩት እንጂ አይጫኑት። በመጻሕፍቱ መካከል ያለውን ርቀት በሁለቱም ጫፍ ለኩ። እኩል ከሆነ መጻሕፍቱ ትይዩ ናቸው፣ ርቀቱም ዲያሜትሩ ነው። እኩል ካልሆነ አንዱ ዞሯል፣ አስተካክላችሁ እንደገና ለኩ። በዚህ ዘዴ መሃሉን መፈለግ የሚባል ነገር የለም፣ ለዚህ ነው የምወደው። ከንፈር ላለው ጣሳ ግን መጻሕፍቱ የሚያርፉት ከንፈሩ ላይ ነው፤ እሱን በካሊፐር ሆዱ ላይ ያዙት። ካሊፐር ከሌለ ደግሞ ዙሪያውንም ከንፈሩ ላይ ለኩ፣ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ እዚያ ይጠመጠማል።

በየትኛውም መንገድ ብትለኩ ዕቃውን አንድ ስድስተኛ ያህል እያዞራችሁ በሦስት አቅጣጫ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። ዕቃው ትንሽ ሞላላ ከሆነ አንዱ አቅጣጫ ያጠረውን ሌላው ያካክሰዋል።

ስለ ማስመሪያው ሁለት ነገር። የማስመሪያ ጫፍ ቶሎ ይበላል፣ ስለዚህ ከ0 ከመጀመር ከ10 ሚ.ሜ. መስመር ጀምሩ፤ ከንባቡ ላይ 10 መቀነስን ግን አትርሱ። 30 ሚ.ሜ. የነበረ ክዳን 40 ተብሎ ተጽፎ ፓይ 2.4 ምናምን የሚሆነው በዚህ ነው። ሌላው፣ ዓይናችሁ በምታነቡት መስመር በትክክል ከላይ ይሁን። ከጎን ሆናችሁ ካያችሁ 1 ሚ.ሜ. በቀላሉ ይሸሻል።

እጃችሁን ለመፈተን ሲዲ ይጠቅማል። የመደበኛ ሲዲ ዲያሜትር 120 ሚ.ሜ. ነው። በራሳችሁ አለካክ ለኩትና 119 ወይም 118 ካነበባችሁ ትልቁን ንባብ አላገኛችሁም ማለት ነው፣ ወደ ሌሎቹ ሳትሄዱ አለካካችሁን አስተካክሉ።

ደረጃ 4፦ ዙሪያውን ለኩ

ሦስት ዘዴ አለ። ሁሉም ዕቃ በሁሉም ዘዴ አይለካም፣ ግን ቢያንስ አንዱን ዕቃ በሁለት ዘዴ ለኩት፤ ልዩነቱ ብዙ ያስተምራል።

በክር

1. ዕቃው ላይ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያለች መስመር በእስክሪብቶ አስምሩ። መነሻችሁም መድረሻችሁም እሷ ናት።
2. የክሩን ጫፍ ወደ ውስጥ ትንሽ ትታችሁ መስመሯ ላይ በፕላስተር ያዙት።
3. ክሩን ጠምጥሙት። ዕቃው ላይ እንዲተኛ ያህል ብቻ ሳቡ፣ አትወጥሩት። ወጥራችሁ ጠምጥማችሁ ስትለኩ ብትለቁት ክሩ ይሰበሰብና ዙሪያው ያጥራል። ላላ አድርጋችሁ ብትጠመጥሙ ደግሞ ይረዝማል። የመጠምጠሙና የመለካቱ አሳሳብ አንድ ዓይነት ይሁን።
4. መስመሯን ስታገኙ ሁለቱም የክር ጫፎች ላይ በአንድ ጊዜ ምልክት አድርጉ።
5. ክሩን ፈታችሁ ማስመሪያው ላይ ዘርጉትና ከምልክት እስከ ምልክት ለኩ።

ክሩ ሰያፍ እንዳይሄድ ተጠንቀቁ። ዲያሜትሩ 60 ሚ.ሜ. የሆነ ጣሳ ላይ ክሩ አንድ ዙር ሲጨርስ ከመነሻው 20 ሚ.ሜ. ወርዶ ቢገኝ 1 ሚ.ሜ. ያህል ይጨምራል። ብዙ አይመስልም፣ ግን ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ ነው 3.3 የሚያደርሳችሁ።

ለትንንሽ ዕቃ አንድ ዙር አይበቃም። የክዳን ዙሪያ 94 ሚ.ሜ. ቢሆን የ1 ሚ.ሜ. የንባብ ስህተት ከመቶ አንድ ይሆናል። ዕቃው ቁመት ካለው 10 ዙር ጎን ለጎን ጠምጥሙ፣ ሙሉውን ርዝመት ለኩና ለ10 አካፍሉ። የንባቡ ስህተትም አብሮ ለ10 ይካፈላል። ዙሮቹ ተጠጋግተው ከተኙ ሰያፍነቱ ከቁጥር አይገባም። አንዱ በሌላው ላይ ከወጣ ግን ልኬቱ ተበላሽቷል፣ ፍቱትና እንደገና።

10 ዙር መጠምጠም የማይፈታው አንድ ነገር የክሩን ውፍረት ነው። ክር ሲጠመጠም የክሩ መሃል የሚዞረው ከዕቃው ገጽ በውፍረቱ ግማሽ ርቆ ነው። በዚህ በኩል ግማሽ፣ በዚያ በኩል ግማሽ፣ ሲደመር ክሩ የሚለካው ዲያሜትሩ በአንድ ሙሉ የክር ውፍረት የበለጠ ክብ ነው። 1.5 ሚ.ሜ. የሚወፍር ክር በእያንዳንዱ ዙር 4.7 ሚ.ሜ. ይጨምራል፣ ዕቃው ትንሽም ይሁን ትልቅ ያው 4.7። ስንት ዙር ብትጠመጥሙም ያው ነው።

የክራችሁን ውፍረት አሁኑኑ ለኩና ጻፉት፣ በኋላ ትፈልጉታላችሁ። እርሳስ ላይ 20 ዙር ጎን ለጎን ጠምጥሙ፣ የጠመጠማችሁትን ስፋት ለኩና ለ20 አካፍሉ። 30 ሚ.ሜ. ከሆነ ክሩ 1.5 ሚ.ሜ. ነው።

በወረቀት ቁራጭ

ከክር ይልቅ ይሄን እመርጣለሁ። ተራ ወረቀት 0.1 ሚ.ሜ. ያህል ብቻ ስለሚወፍር በአንድ ዙር የሚጨምረው 0.3 ሚ.ሜ. ነው፣ ማስመሪያችሁ እንኳ አያየውም። ወረቀት አይለጠጥም፣ ስፋት ስላለውም ሰያፍ ከሄደ ጠርዞቹ ስለማይገጥሙ ወዲያው ይታወቃል።

1. ቁራጩን በዕቃው ዙሪያ ጠምጥሙና ጫፎቹ 2 ሴ.ሜ. ያህል እንዲደራረቡ አድርጉ። የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ልክ ለልክ መግጠሙን እዩ።
2. በተደራረበበት ቦታ ላይ እስፒል ሁለቱንም ንብርብር እንዲበሳ ውጉ። ዕቃው ጠንካራ ከሆነ እስፒሉ እስኪነካው ብቻ ይበቃል።
3. ወረቀቱን ፍቱት፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ሁለት ቀዳዳ ታገኛላችሁ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ዙሪያው ነው።

ለትልቅ ዕቃ ወረቀቶችን በፕላስተር መቀጠል ይቻላል። መቀጠያው ቀጥ ይበል፣ ጠመም ካለ ርዝመቱ ይዛባል።

በማንከባለል

ለሲዲ፣ ለሳህንና ለጎማ ነው። ሲዲ 1.2 ሚ.ሜ. ብቻ ስለሚወፍር ክር ጠርዙ ላይ አይቆምም፣ ታግላችሁ ታግላችሁ ትተዉታላችሁ። ይልቅ ጠርዙ ላይ ትንሽ ምልክት አድርጉ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ለጥፉና ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ምልክቱ ወረቀቱን ሲነካ መነሻውን ጻፉ፣ መስመሩን ይዛችሁ 3 ዙር አንከባልሉ፣ ምልክቱ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ ሲነካ መድረሻውን ጻፉ። ርቀቱን ለ3 አካፍሉ።

እዚህ ውፍረት የሚባል ችግር የለም። ችግሩ መንሸራተት ነው። ሳይሽከረከር ወደፊት ከተንሸራተተ ርቀቱ ይረዝማል፣ እዚያው ከዞረ ያጥራል። በጣም ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ አትሥሩ፣ ቀስ በሉ። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አንዱ ንባብ ከሌሎቹ በጣም ከራቀ ተንሸራቷል።

የብስክሌት ጎማ ሲሆን ነፋሱ ሙሉ ይሁን፣ ሰውም አይቀመጥበት። ክብደት ሲጫነው ጎማው ከሥር ይተኛል፣ በአንድ ዙር የሚሄደውም ያጥራል። ዲያሜትሩን ለመለካት ጎማውን ግድግዳ አጠገብ አቁሙ፣ ከላይ አንድ መጽሐፍ አግድም አድርጋችሁ አሳርፉ፣ መጽሐፉ ግድግዳውን የነካበትን ምልክት አድርጉና ከወለል እስከዚያ ለኩ። የምትለኩት የጎማውን ውጫዊ ክፍል ነው፣ ብረቱን አይደለም።

ደረጃ 5፦ ድገሙና አካፍሉ

ዙሪያውን ሦስት ጊዜ ለኩ። ስትደግሙ ክሩን ሙሉ በሙሉ ፍቱትና እንደ አዲስ ጠምጥሙ፤ ያንኑ ምልክት ሦስት ጊዜ ማንበብ መድገም አይደለም። አማካዩን ያዙ፣ ለዲያሜትሩ አማካይ አካፍሉ፣ የመጨረሻው ዓምድ ላይ ጻፉ።

ደረጃ 6፦ ግራፍ ሥሩ

ለምሳሌ በ1.5 ሚ.ሜ. ክር ቢለካ ሰንጠረዡ እንዲህ ሊመስል ይችላል።

ዲያሜትር 30፣ ዙሪያ 99፣ ሲካፈል 3.300
ዲያሜትር 73፣ ዙሪያ 235፣ ሲካፈል 3.219
ዲያሜትር 120፣ ዙሪያ 381፣ ሲካፈል 3.175
ዲያሜትር 180፣ ዙሪያ 571፣ ሲካፈል 3.172
ዲያሜትር 260፣ ዙሪያ 821፣ ሲካፈል 3.158

የመጨረሻውን ዓምድ ከላይ ወደ ታች እዩት። ዕቃው በተለቀ ቁጥር መልሱ እየወረደ ወደ 3.14 ይጠጋል። ያች 4.7 ሚ.ሜ. ናት እንዲህ የምታደርገው። ትንሹ ዕቃ ላይ ከመቶ 5 ትሆናለች፣ ትልቁ ላይ ከመቶ 1 እንኳ አትሞላም። የአምስቱን አማካይ ብትወስዱ 3.205 ይወጣል። ሁሉም ወደ ላይ ስለተሳሳቱ አማካዩም ወደ ላይ ተሳስቷል።

አሁን ግራፉን ሥሩ።

1. ዲያሜትሩን በአግድሙ፣ ዙሪያውን በቋሚው መስመር ላይ አድርጉ። ሁለቱም ከ0 ይጀምሩ። ስኬሉን ወረቀቱን ከግማሽ በላይ እንዲሞላ ምረጡት፤ በትንሽ ግራፍ ላይ ትክክለኛ ንባብ የለም።
2. ነጥቦቹን በትንሽ የመደመር ምልክት አስቀምጡ። ወፍራም ነጥብ ራሱ 5 ሚ.ሜ. ሊሸፍን ይችላል።
3. በነጥቦቹ መሃል የምታልፍ አንድ ቀጥ ያለች መስመር አስምሩ። ከበላይዋም ከበታችዋም ያሉት ነጥቦች ተመጣጣኝ ይሁኑ። በግድ ዜሮ ላይ አታሳልፏት። ነጥብ ከነጥብ አታያይዙ።
4. መስመሯ ላይ የተራራቁ ሁለት ቦታዎች ምረጡ። የለካችኋቸው ነጥቦች መሆን የለባቸውም፣ መስመሯ ላይ ይሁኑ እንጂ። በምሳሌያችን ዲያሜትር 50 ላይ መስመሯ 162 ታሳያለች፣ 250 ላይ 790።
5. የዙሪያውን ልዩነት ለዲያሜትሩ ልዩነት አካፍሉ። 790 ሲቀነስ 162፣ 628 ነው። 250 ሲቀነስ 50፣ 200 ነው። 628 ለ200 ሲካፈል 3.14።

ይህ የመስመሯ ስሎፕ (የማዘንበሏ ልክ) ነው፣ ፓይም እሱ ነው። በዚያው ክር፣ በዚያው ስህተት፣ በዚያው ሰንጠረዥ 3.205 የነበረው 3.14 ሆነ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ክሩ ለሁሉም ዕቃ እኩል ነው የጨመረው። እኩል የተጨመረ ነገር መስመሯን እንዳለች ወደ ላይ ያነሳታል እንጂ አያጋድላትም። ልዩነት ስትወስዱ ከሁለቱም ላይ እኩል ይቀነሳል።

የተነሳችበትንም ከፍታ አትጣሉት። መስመሯን ወደ ግራ ብትቀጥሏት ቋሚውን መስመር 5 ሚ.ሜ. አካባቢ ላይ ትቆርጠዋለች። 5ን ለ3.14 አካፍሉ፣ 1.6 ሚ.ሜ. ይመጣል። እርሳስ ላይ ጠምጥማችሁ ያገኛችሁት የክር ውፍረት 1.5 ነበር። ተጠጋግተዋል። ይሄን ሪፖርታችሁ ላይ ብትጽፉ ስህተቱን ከነምንጩ እንዳገኛችሁት ያሳያል፤ «የሰው ስህተት ሊኖር ይችላል» ከሚለው ከለመድነው ዓረፍተ ነገር እጅግ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚታመን ጻፉ

ማስመሪያ ሚሊ ሜትር ስለሚያነብ በሁለቱ ጫፍ ግማሽ ግማሽ፣ በድምሩ ±1 ሚ.ሜ. ዲያሜትሩ ላይ ያዙ። ለክር ±2 ሚ.ሜ. ይበቃል። እያንዳንዱን ወደ መቶኛ ቀይሩና ደምሩ።

ለትንሹ ዕቃ፦ 1 ለ30 ሲካፈል 3.3 ከመቶ፣ 2 ለ99 ሲካፈል 2 ከመቶ፣ ሲደመር 5.3 ከመቶ። ስለዚህ 3.3 ± 0.2። ለትልቁ፦ 0.4 ከመቶና 0.2 ከመቶ፣ 0.6 ከመቶ ገደማ። ስለዚህ 3.16 ± 0.02። አንድ ማስመሪያ፣ አንድ ለኪ፣ ግን ትልቁ ዕቃ የሚሰጠው መልስ ከትንሹ ወደ ዘጠኝ እጥፍ የጠበበ ነው። ትልቅ ዕቃ ፈልጉ የምለው ለዚህ ነው።

ካልኩሌተሩ 3.158333333 ቢላችሁ ሁሉንም አትገልብጡ። በማስመሪያ ለክቶ ዘጠኝ አሥርዮሽ መጻፍ መምህሩን ያስቃል። ሁለት አሥርዮሽ በቂ ነው።

ቁጥራችሁን አይታችሁ ስህተቱን ፈልጉ

6.3 አካባቢ፦ በዲያሜትር ፈንታ ለሬዲየስ (ለዲያሜትሩ ግማሽ) ነው ያካፈላችሁት።

0.32 አካባቢ፦ ገልብጣችሁ ዲያሜትሩን ለዙሪያው አካፍላችኋል።

ከ3.2 በላይ፣ በተለይ ትንንሾቹ ላይ፦ ክሩ ወፍራም ነው ወይም ላላ ብሎ ተጠምጥሟል። ሁሉም ዕቃ ላይ በተመሳሳይ ልክ ከበለጠ ግን የክር ውፍረት አይደለም፣ ዲያሜትሩን ከመሃል ወጣ አድርጋችሁ ለክታችሁ ይሆናል።

ከ3.1 በታች፦ የጣሳ ከንፈር፣ የተወጠረ ክር፣ ወይም የወረቀቱ ቀዳዳ ሁለቱንም ንብርብር ሳይበሳ ሌላ ምልክት አንብባችኋል።

አንዱ ዕቃ ብቻ ከመስመሯ የራቀ፦ ነጥቡን አትሰርዙት። ያንን ዕቃ እንደገና ለኩት። ከተስተካከለ አዲሱን ተጠቀሙና አሮጌውን ከጎኑ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ተዉት፤ እንዲነበብ ሆኖ። ካልተስተካከለ ዕቃው ራሱ ክብ አይደለም፣ በሌላ ቀይሩት።

ሁሉም ዕቃ ላይ 3.14 ብቻ፦ ይሄኛውን ሰው አይጠይቀኝም፣ መምህር ግን ወዲያው ይነቃበታል። ማስመሪያና ክር እንዲህ ዓይነት ሰንጠረዥ አይሰጡም። አንዱን ለክቶ ሌላውን በቀመር ማስላትም ያው ነው፤ የምትፈልጉትን ቁጥር ራሳችሁ አስገብታችሁ መልሳችሁ ስታወጡት ምንም አልለካችሁም።